ልብስ በማይታጠብበት ቀን

«እንዶድ ልቀሚልኝ» አለች ወለተ ሥላሴ፣ እንቅቡን በእግሯ ወደ በሩ እየገፋች። «ደህና አድርገሽ ሙይው። ለሰው ደግሞ እንዳታወሪ።»

ይመኙሻል እንቅቡን አንስታ ወጣች። ታላቅ እህቷ ስታዛት «ለምን?» ማለት አልለመደባትም። ደግሞስ እንዶድ ምኑ ይጠየቃል? ነጠላ ማጠቢያ ነው። የአንኮበር ሴት ለክት ልብሷ ከሳሙና ይልቅ እንዶድ ነው የምታምነው። «ለሰው እንዳታወሪ» የሚለው ነገር ግን እስከ አጥሩ ድረስ ተከተላት። ስለ እንዶድ ማን ለማን ያወራል?

ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ የተጠማጠመው እንዶድ ዘለላው ውኃ ያንጠባጥባል። ይመኙሻል አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የመምሬ ገብረአብ ትንሿ ልጅ። ዛሬ ረቡዕ ከትምህርት ቤት የቀረችው የእህቷን ባል ለመሸኘት ነበር። ዘርአ ዳዊት ወታደር ነው። ክፍሉ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ደብረ ብርሃን ላይ ሰነበተና አዛዡ ራርቶለት ሁለት ሌሊት ቤቱ እንዲያድር ፈቀደለት። ሰኞ ማታ መጣ፣ ዛሬ ንጋት ላይ ሄደ። ሲሄድ ሦስቱን ልጆቹን አንድ በአንድ ስሞ ወደ ይመኙሻል ዞረና «ሚኒስትሪን ብትወድቂ ወየውልሽ!» አላት። ሁሉም ሳቁ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ።

አንድ ዘለላ ቆረጠች፣ ሌላ ደገመች። ከዚያ እጇ ባለበት ቆመ።

«ዛሬ እኮ ልብስ አይታጠብም!» አለች ለራሷ።

ዘማች በወጣበት ቀን ቤት አይጠረግም፣ ልብስም አይታጠብም። ዱካውን ማጥፋት ነው ይባላል፤ ደህና ገባ የሚል ወሬ እስኪመጣ ድረስ የተኛበት አንሶላ እንኳ አይነካም። ወለተ ሥላሴ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ባለፈው የሄደ ጊዜ ያወለቀውን ሸሚዝ ከራስጌዋ ሰቅላ ማንንም አላስነካችም ነበር። ያቺ ሴት ዛሬ፣ የባሏ እግር ከደጅ ሳይርቅ፣ ልብስ ልታጥብ?

አታጥብም። እንዶዱ ለልብስ አይደለም።

ወዲያው አመተ ማርያም ትዝ አለቻት።

አመተ ማርያም ጎረቤታቸው ነበረች፤ የአምስት ልጆች እናት። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተች። «ምች መታት» ተብሎ ተለቀሰ። ይመኙሻል ግን ያኔ ውኃ አቀብዪ ተብላ ገብታ ነበር፤ ከመደቡ ሥር የእንዶድ አረፋ የደረቀበት ጣሳ አይታለች። ሴቶቹ ጣሳውን በነጠላ ሸፍነው አወጡት። «ልብስ የሚያነጣ ሆድ ያጥባል ብላ እኮ ነው፣ ምስኪን!» አለች አንዷ በሹክሹክታ። ልጆቿን ከዚያ በኋላ ዘመድ ተከፋፈላቸው። ትልቁን ደብረ ብርሃን ወሰዱት፤ ትንሿ አሁንም ድረስ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች ሰው ታስጨንቃለች።

ይመኙሻል እንቅቡን አቅፋ ወደ እህቷ ቤት ሮጠች።

የወለተ ሥላሴ አማት ደጅ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እጃቸው ምስሩ ላይ ነው፣ ጆሯቸው ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ናቸው።

«ምንድነው የያዝሽው?»

«ጎመን ነው እማማ።» ነጠላዋን እንቅቡ ላይ ጎተተችበት። ወይ ጉድ! ጾም ላይ መዋሸት።

ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ወለተ ሥላሴ ሕፃኗን ታጠባለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከመጨረሻው ወሊድ ወዲህ ግን ፊቷ ገርጥቶ ከዕድሜዋ በላይ ታስመስላለች።

«እታለም፣ ማንን ልትሸውጂ ነው? ዛሬ ልብስ አይታጠብም።»

«ቀስ በይ፣ እማማ ይሰማሉ።»

«ልትጠጪው ነው አይደል?»

ወለተ ሥላሴ ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ጡት አዞረች።

«እንደ አመተ ማርያም?»

«አመተ ማርያም ዘግይታ ነው፣ አብዝታም ነው» አለች ወለተ ሥላሴ ፈጠን ብላ፤ ቀድማ አስባበታለች ማለት ነው። «እኔ ዛሬውኑ ነው፣ ምንም ሳይረጋ፣ በትንሹ። ምን ላድርግ? ሐኪሙ ያለውን አንቺም ሰምተሻል።»

ሰምታለች። ባለፈው መስከረም ይቺ ሕፃን አልወለድም ብላ ሰፈሩ ወለተ ሥላሴን በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ ተሸከማት። አባታቸው ራሱ ከፊት ነበር። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ያስታመመቻት ይመኙሻል ናት፤ ሐኪሙም የተናገረው እሷ ባለችበት ነው። «ማህፀኗ ተቀዶ ነው የሰፋነው። ሌላ ብታረግዝ አትተርፍም። ለባሏ ንገሩት» ነበር ያለው። ወለተ ሥላሴ አልጋው ላይ እንደተኛች የእህቷን እጅ ይዛ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ በአባባ መስቀል ማይልኝ» አለቻት። ማለችላት። ይኸው እስከ ዛሬ ለማንም አልተነገረም።

«ለጋሼስ ለምን አልነገርሽውም?»

«እናቱ ቢሰሙ በማግስቱ ነው ሌላ ሚስት የሚፈልጉለት። ይመኙ፣ ከጦር ሜዳ እኮ ነው የመጣው። ይመለስ አይመለስ አይታወቅም። እንዴት አድርጌ እምቢ ልበለው?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ናፍቆኝም ነበር።»

ይመኙሻል ከመሬቱ ላይ ቁጭ አለች። እህቷ ስትፈራ ዓይታ አታውቅም። በምጥ ጊዜ እንኳ ሰው የምታጽናና እሷ ነበረች። አሁን ግን የሕፃኗን ልብስ ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታለች።

«እታለም፣ ያቺ ነርስ… በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተማሩት። ሲስተር ዙቤዳ።»

«እ?»

«አንዲት ሴት ‹ከሆነ በኋላስ?› ብላ ጠየቀቻቸው አይደል? አዳራሹ ሁሉ በሳቅ ሞተ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ‹ሦስት ቀን ሳያልፍ ከመጣችሁ የሚደረግ ነገር አለ› ነው ያሉት። እኔ ይቺን ልጅ አዝዬ በሩ ላይ ነበርኩ።»

«ምንድነው የሚደረገው?»

«እሱን አልሰማሁም። ሴቶቹ ተንጫጩ።»

መንጫጫታቸውን ወለተ ሥላሴም ታስታውሳለች። አንዷ «ኪኒኑ ሆድ ውስጥ እየተከመረ ድንጋይ ይሆናል» አለች፣ ሌላዋ «መካን ያደርጋል» አለች፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ «ይቺ የአሊዩ አምባ ልጅ እሷ መች ወለደችና ነው!» ብለው ወጥተው ሄዱ። ዙቤዳ ኪኒኑን ለመስጠት ባል ይፍቀድ ማለቷንም ሁሉም ሰምቷል።

«ነፍስ ማጥፋት ቢሆንስ?» አለች ወለተ ሥላሴ። «የቄስ ልጅ ነኝ እኮ።»

«እንዶዱስ?»

«እንዶዱን ማንም አያውቅብኝም።»

ይመኙሻል በድንገት ተናደደች። «አመተ ማርያምንም ማንም አላወቀባትም! ቀበሯት!»

ደጅ ላይ የምስሩ ሰፌድ ዝም አለ። ቆይቶ ሰፌዱ እንደገና መንገዋለል ጀመረ።

«እሺ፣ ሂጂና ጠይቂልኝ» አለች ወለተ ሥላሴ በመጨረሻ። «ግን ስሜን እንዳታነሺ። ስሜን ካነሳሽ እህት የለሽም።»

ይመኙሻል ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባት ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን ቁልቁለት ስትጀምር ነው። ስም ሳትጠራ ከጠየቀች ሰው ሁሉ ለራሷ ነው የሚለው። አባቷ ለአንድ ዲያቆን ሊጠይቋት የመጡትን ሽማግሌዎች በጥር «ሚኒስትሪ ትፈተን» ብሎ መልሷቸዋል። እነሱ ከወጡ በኋላ ግን ወደ እሷ ዞሮ «አንዲት ወሬ የሰማሁ ቀን ደብተርሽ እሳት ይገባል» አላት። መምሬ ገብረአብ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። እግሯ እየከበደ ሄደ። ሁለት ጊዜ ቆማ ወደ ኋላ ዞረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ጣሳው ትዝ ብሏት ቀጠለች።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ጋሽ ገብረ ጻድቅ ተቀምጧል። ጉዷ ፈላ! ገብረ ጻድቅ የአባቷ የንስሐ ልጅ ነው፤ ነገር ሆዱ ውስጥ አያድርም። ከቅዳሴ በፊትም በኋላም ከመምሬ ገብረአብ አጠገብ አይጠፋም።

«አንቺ የመምሬ ልጅ! ምንሽን ነው?»

«ራሴን።»

«ራስ ምታት ከሆነ ድሬሰሩ ጋ ነው። ተሰለፊ።»

«ሲስተር ዙቤዳን ነው የምፈልገው።»

ገብረ ጻድቅ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሲስተር ዙቤዳ ረቡዕ ረቡዕ የቤተሰብ ምጣኔ ብቻ ነው የምታየው።» ድምፁን ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አያውቅም። ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። መንታ ልጆቿን አንዱን አዝላ አንዱን ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ይመኙሻልን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

አሁን መሄድ ትችላለች። «እሺ፣ ድሬሰሩ ጋ» ብትል፣ አንድ አስፕሪን ተቀብላ ብትመለስ፣ ስሟም አይጠፋ፣ ደብተሯም አይቃጠል።

«እሳቸውን ነው የምፈልገው» አለች።

«ካርዱን በማን ስም ላውጣው?»

«በእኔ። ይመኙሻል ገብረአብ።»

መንታ የያዘችው ሴት ከንፈሯን ጮክ አድርጋ መጠጠች። «ኧረ የዛሬ ልጅ! የቄስ ልጅ ደግሞ!»

ሲስተር ዙቤዳ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። በሩን ዘግታ መጀመሪያ የጠየቀቻት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«ስንት ቀን ሆነሽ?»

«ለእኔ አይደለም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ወላሂ ለእኔ አይደለም!» አለች ይመኙሻል፤ በድንጋጤ የነርሷን መሐላ ማለች። ዙቤዳ ፈገግ አለችና ወዲያው ፊቷን መለሰች።

«እሺ። ስንት ቀን ሆናት?»

ይመኙሻል ስም ሳትጠራ ሁሉንም ተናገረች፤ ባሏ ሰኞ ማታ መጥቶ ዛሬ መሄዱን፣ የተሰፋውን ማህፀን፣ ሐኪሙ ያለውን። እንዶዱ ላይ ስትደርስ ዙቤዳ ከወንበሯ ተነሳች።

«ጠጥታለች?»

«አልጠጣችም። እኔ ስመጣ አልጠጣችም።»

«እንዳትጠጣ! ስሚኝ፣ እንዶድ መርዝ ነው። ጽንሱን አይደለም የሚያጥበው፣ እሷን ነው የሚገድላት። እጄ ላይ የሞተችብኝ አለች።» ድምፅዋን ቀነሰች። «ሌላ ነገር አለ። ያው የቤተሰብ ምጣኔው ኪኒን ነው፤ አወሳሰዱ ግን ለብቻው ነው። ሦስት ቀን ሳያልፍ ከተወሰደ ብዙ ጊዜ እርግዝናው ሳይጀመር ያስቀረዋል። በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ቀድሞ የጀመረ እርግዝና ካለ ግን ምንም አያደርገውም።»

«ነፍስ ማጥፋት አይደለም?»

«ገና ያልተጀመረ ነገር ነው፣ ልጄ።»

«ይስጡኝና ልሂድ።»

«ለአንቺ አልሰጥሽም። እሷን ማየት አለብኝ፤ መጠየቅ ያለብኝ ነገር አለ፣ ልኬ የማየው ነገር አለ። ባሏም መፍቀድ ነበረበት።»

«ግንባር ነው ያለው።»

ዙቤዳ መስኮቱን አየች። ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖት ምንም አይታይም። «እሷን አምጪልኝ» አለች ቆይታ። «ስለ ፈቃዱ ብጠየቅ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ቶሎ በይ፣ ሳልዘጋ።»

ስትወጣ ገብረ ጻድቅ መስኮቱ ላይ አልነበረም። «የት ሄዱ?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሴ ሊወጣ ነው፣ አባትሽን ላግኝ ብሎ ሄደ።»

ይመኙሻል ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። ጎኗን ወጋት፤ አልቆመችም። ከእህቷ ቤት ስትቃረብ የሙቀጫ ድምፅ ሰማች፤ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። አማትየዋ ምስራቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ዞረዋል። ሙቀጫው በድንገት ዝም አለ።

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ወለተ ሥላሴ ቆማለች። ጣሳው እጇ ላይ ነው፤ አረፋው ከአፉ ሞልቶ ይፈሳል።

«እታለም!»

«ቀረሽብኝ።» ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «የለም ብላ መለሰቻት ብዬ…»

«አለ! መድኃኒት አለ! አንቺን አምጪ ብለውኛል፣ አሁኑኑ።»

«አልሄድም። ካርድ ክፍሉ ላይ ማን እንዳለ አታውቂም? ገብረ ጻድቅ ካየኝ አባባ ሰሙ ማለት እኮ ነው።»

«አባባ ይሰማሉ» አለች ይመኙሻል እያለከለከች። «አሁን እየሰሙ ነው። ግን ስለ አንቺ አይደለም የሚሰሙት። ካርዱ በእኔ ስም ነው የወጣው።»

ወለተ ሥላሴ አፍጥጣ አየቻት።

«በአንቺ ስም?»

«ስሜን አታንሺ አላልሽኝም?»

«አንቺ ልጅ! ትምህርትሽስ? አባባ እኮ…»

«አውቃለሁ።» እንባዋ መጣ፣ አልተወችውም። «እሱ አለቀ። የቀረው አንቺ እንዳትሞቺ ነው።»

ወለተ ሥላሴ ጣሳውን ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ምድጃው አመድ ላይ ደፋችው። አመዱ ቸስ ብሎ አረፋ ሠራ። ሙቀጫ ውስጥ የቀረውንም ጠርጋ ጨመረችበት፤ ሕፃኗን አንስታ አዘለች።

«እማማ፣ ልጅቷን ላስከትባት ነው!» ብላ ወደ ጓሮ ጮኸች።

«ይቺን በጉም ይዘሻት?» አሉ አማትየዋ። እነሱ ግን ከደጅ ወጥተው ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑን አልፈው ቁልቁለቱን ሊይዙ ሲሉ ከጉሙ ውስጥ ጥቁር ጃንጥላ ወጣ። ይመኙሻል ፊቱን ሳታይ በእርምጃው አወቀችው። መምሬ ገብረአብ መስቀሉን በግራ እጁ እንደያዘ መንገዱ መሃል ላይ ቆመ። እንዲሳለሙ ግን መስቀሉን አልዘረጋላቸውም።

«ገብረ ጻድቅ አሁን አገኘኝ» አለ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም። ይመኙሻልን ይበልጥ ያስፈራት ይህ ነው። «ጤና ጣቢያ ሄደሽ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ዙቤዳ ጋ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ከጎኗ የእህቷ ትንፋሽ ይሰማታል። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ቆመ፤ የማለችበት የአባባ መስቀል ራሱ ፊት ለፊቷ ነው። ዝም አለች። የሚቃጠለውን ደብተር በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ የሒሳቡን፣ የሳይንሱን፣ ሽፋኑን በጋዜጣ የለበጠችውን።

«እሷን ይተዋት፣ አባባ» አለች ወለተ ሥላሴ።

ድምፅዋ ቀጥኖ ነው የወጣው። ከዚያ ግን አላቋረጠችም። ሐኪሙ ያለውን ተናገረች፤ ከመስከረም ጀምሮ የደበቀችውን። እንዶዱንም ተናገረች። አመተ ማርያም በምን እንደሞተች ስትነግረው መምሬ ገብረአብ ዓይኑን ጨፈነ። ለአመተ ማርያም ጸሎተ ፍትሐት ያደረሰላት እሱ ነው።

«እኔ ያኔ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበርኩ» አለ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ፈርተንዎት» አሉ ሁለቱም፣ ሳይመካከሩ።

መምሬ ገብረአብ እንዲህ ሲባል የሰማ አይመስልም። ቃሬዛ የተሸከመበትን ትከሻውን በቀኝ እጁ ያሻል። ሕፃኗ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና የጃንጥላውን ጫፍ ለመያዝ እጇን ሰደደች።

«እኔ ቄስ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ሂዱ ልላችሁ አልችልም። እንዲህ ያለ ነገር እኔን አትጠይቁኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«አትሂዱ ግን አላልኩም» አለና ጃንጥላውን ለይመኙሻል ሰጣት። «ልጅቷን አልብሷት፣ ካፊያ ሊወርድ ነው።» ከዚያ ነጠላውን ወደ አፉ ስቦ ጀርባውን ሰጥቷቸው በጉሙ ውስጥ ሄደ።

ሲስተር ዙቤዳ ልትዘጋ ቁልፉን ይዛ ነበር። ወለተ ሥላሴን አስቀምጣ ብዙ ጠየቀቻት፤ ስለ ወር አበባዋ፣ ስለ እግር እብጠት፣ ስለ ራስ ምታት። የደም ግፊቷን ለካች። ኪኒኖቹን ከውኃ ጋር ሰጥታ ስትውጥ ቆማ ተመለከተቻት፤ የቀሩትን ለሌሊቱ በወረቀት ጠቀለለችላት። «ያቅለሸልሽሻል። ወዲያው ካስመለሰሽ ተመልሰሽ ነይ» አለቻት። «እርግጠኛ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ወር አበባሽ ከዘገየ የምትመጪው ወደ እኔ ነው እንጂ ወደ አጥሩ አይደለም። ከዚህ በኋላ ደግሞ ባልሽ ከመምጣቱ በፊት ነው የምንነጋገረው።»

ሲመለሱ ወለተ ሥላሴ የእህቷን ክንድ አጥብቃ ይዛ ነበር። «መድኃኒቱ ካልሠራስ?» አለች መንገድ ላይ አንድ ጊዜ። ፍርሃቱ አብሯቸው ዳገቱን ወጣ።

በማግስቱ ይመኙሻል ዩኒፎርሟን ለብሳ ደብተሮቿን ከመደርደሪያው አወረደች። ሁሉም አሉ። አባቷ በሩ ላይ ዳዊት ይደግማል። ስታልፍ ቀና አላለም፤ መድገሙንም አላቆመም። «ትሄጃለሽ?» አላላትም፣ «አትሂጂ»ም አላላትም። እሷም አልጠየቀችም፣ ሄደች።

ከአጥሩ ሥር ስትደርስ ከኋላዋ ጫማ ሲንሸራተት ሰማች። ዞረች። ትናንት ጤና ጣቢያ መንታ የያዘችው ሴት ናት። ዛሬ ብቻዋን ናት። ይመኙሻል እርምጃዋን አፈጠነች፤ ሴትየዋም አፈጠነች። መጣች እንግዲህ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ልትነግርብኝ፣ ብላ አሰበች ይመኙሻል፤ ፊቷ ጋለ።

«አንቺ የመምሬ ልጅ፣ ቁሚማ።»

ቆመች። ሴትየዋ ደረሰችና ወዲያና ወዲህ አየች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባለች። ከነጠላው በላይ ያሉት ዓይኖች ትናንት እንዳዩዋት አያዩዋትም፤ ወለተ ሥላሴ ጣሳውን ይዛ ቆማ የነበረችበትን ዓይን ይመስላሉ።

«ያቺ ነርስ…» አለች ሴትየዋ። «ያቺ ነርስ ትናገራለች? ለሰው ታወራለች?»

ከታች የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው፤ የዘገየ ተማሪ ደጅ ተንበርክኮ ነው የሚውለው። ይመኙሻል ወደ ደወሉ አየች፣ ወደ ሴትየዋም አየች።

ደብተሮቿን አጥሩ ላይ አስቀመጠች።

«አያወሩም» አለች። «መጀመሪያ ይንገሩኝ፤ ስንት ቀን ሆነዎት?»